ጠርሙስ ውስጥ የገባው የቅርጫ ሥጋ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ ነው። ለፋሲካ ከጎረቤቶቻችን ጋር በቅርጫ በሬ አርደን ከደረሰን መደብ ብዙ ሥጋ ተረፈን። ያለፈው ዓመት ቋንጣዬ በዝናቡ ሻግቶ ስለተጣለ፣ ዘንድሮ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ከላከችልኝ 12 ባለ ክዳን ጠርሙሶች ውስጥ በ7ቱ ሥጋውን በጥሬው ሞልቼ፣ በትልቅ ድስት ውኃ ውስጥ 3 ሰዓት ሙሉ ቀቀልኳቸው። ሲቀዘቅዙ ክዳኖቻቸው ሁሉ «ጧ» እያሉ ወደ ውስጥ ሰረጎዱ። አማቴ አየር እንዳያገኘው ብለው በሁለቱ ላይ አስቀድመው ንጥር ቅቤ አፍስሰውባቸው ነበር። እነሆ 5 ሳምንት ሆናቸው። ከትናንት በስቲያ የአንዱ ክዳን ወደ ላይ አብጦ አገኘሁት፣ ሌላው ደግሞ በጎኑ ያንጠባጥባል፤ አምስቱ ግን ምንም አልሆኑም። ባለቤቴ «ትንሽ ቀምሰን ጣዕሙ ካልተለወጠ እንብላው» ይላል። ምን ይመክሩኛል? ቤቴ ባለው ፕሬሸር ኩከር እንደገና ልቀቅላቸው? ቲማቲምስ በዚህ መንገድ ማሸግ ይቻላል?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ባለቤትዎ ማንኪያ ይዘው እየጠበቁ እንዳይሆን ስለምሰጋ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሰባቱ ጠርሙሶች ልናገር። ያበጠውንም፣ የሚያንጠባጥበውንም፣ ደኅና የሚመስሉትን አምስቱንም አትቅመሷቸው፤ ለውሻም ለድመትም አትስጧቸው። እንደገና የመቀቀያው ጊዜም አልፏል። በዚህ ኑሮ አንድ መደብ ሥጋ ስንት እንደሚያወጣና እርስዎም ምን ያህል እንደደከሙበት አላጣሁትም። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚያሰጋን የሆድ ቁርጠት ወይም የአንድ ሌሊት ተቅማጥ ሳይሆን የሰውን ጡንቻ አስሮ ትንፋሹን ሊያቆም የሚችል መርዝ ነው፤ መርዙም በዓይን የማይታይ፣ በአፍንጫ የማይሸተት፣ በምላስ የማይለይ ስለሆነ፣ መቅመስ ራሱ አደጋው እንጂ አደጋውን የማወቂያ መንገድ አይደለም። ለመታመም ያቺው ለመቅመስ የተወሰደችው ትንሽ ቁራጭ ትበቃለች።

አወጋገዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላስቲክ ጓንት ካጠለቁ በኋላ ያበጠውንና ደኅና የሚመስሉትን አምስቱን ሳይከፍቱ በወፍራም ፌስታል ደራርበው ይሰሩና ልጆችም ውሾችም ሊደርሱበት በማይችሉት ቦታ፣ ከተቻለ በጥልቅ ጉድጓድ፣ ይቅበሯቸው። የሚያንጠባጥበውን ግን እንዲሁ አይጣሉት፤ ከነክዳኑ በትልቅ ድስት ውስጥ በጎኑ አስተኝተው፣ ውኃው ከጠርሙሱ በላይ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር እንዲሸፍነው አድርገው፣ ድስቱን ከድነው ውኃው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ያፍሉትና ሲቀዘቅዝ ከነሥጋው ይጣሉት። ፈሳሹ የነካውን መደርደሪያ 1 እጅ በረኪና በ5 እጅ ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ያርሱት፤ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይጥረጉት፤ የጠረጉበትን ጨርቅና ጓንቱንም አብረው ይጣሉ።

ምናልባት ደብዳቤውን ከላኩ በኋላ የቀመሰ ሰው ካለ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ይያዙ። የሕመሙ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ሆኖም በ6 ሰዓት ውስጥ የጀመረበትም፣ እስከ 10 ቀን የዘገየበትም ሰው አለ። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ብዥ ማለት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአፍ መድረቅ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ለመዋጥ መቸገር ይቀድማሉ፤ ከዚያም ድካሙ ከፊትና ከአንገት ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ወደ ደረት፣ ወደ እግር ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፣ የሰውየውም አእምሮ ንጹሕ ነው። እኛ ዘንድ ፊቱ የወደቀ ወይም አንደበቱ የተያዘ ሰው ሲታይ «ምች ነው»፣ «ንፋስ መትቶት ነው» ተብሎ ዳማከሴ እየተጨመቀለት ቤት የሚቆይበት ልማድ ስላለ፣ በዚህ ጉዳይ አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳይጠፋ አደራ እላለሁ። ቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ፤ ለሐኪሙም «ቤት ውስጥ በጠርሙስ የታሸገ ሥጋ በልቷል» ብለው በግልጽ ይንገሩ። የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት ገና በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ያመክናል እንጂ ነርቭን አንዴ የያዘውን አያስለቅቅም፤ ስለዚህ በጊዜ መድረስ ትልቁ ነገር ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። መርዙን የሚያመነጨው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ በሽታውም ቦቱሊዝም ይባላል። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ በየትም ቦታ ይገኛል፤ ኑሮ ሲከፋበትም ስፖር ወደሚባል፣ እንደ ዘር ጠንካራ ልባስ ወዳለው እንቅልፋም አካል ይለወጣል። ስፖሩ በሥጋ ላይ፣ በሽንኩርት ሥር፣ በእጃችንም ላይ ሊኖር ይችላል፤ ጤነኛ አዋቂ ሰው ቢውጠው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። (ሕፃናት ግን እንደዚያ አይደሉም። በአካባቢያችን ማር እንደ ልብ ስለሚገኝ ለአራስ ልጅ ማር ማላስ እንደ ደግነት ይቆጠራል፤ ማር ይህን ስፖር ሊይዝ ስለሚችል ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።) አደጋው የሚመጣው ስፖሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲራባ ነው፤ ለዚህም አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለበት፣ ኮምጣጣነት የጎደለው፣ ቅዝቃዜም የሌለበት ቦታ ያስፈልገዋል።

እርስዎ ሳያውቁት አራቱንም አሟልተውለታል። የ3 ሰዓቱ ቅቅል ሥጋውን ሊያበላሹ፣ ሊያሸቱና ሊያሻግቱ የሚችሉትን ሌሎቹን ጥቃቅን ሕዋሳት ገደለ፤ በእንፋሎቱ ኃይል አየሩ ወጣ፤ ክዳኑ «ጧ» ብሎ ተዘጋ። ስፖሩ ብቻ ተረፈ። ጎረቤቶቹን ሁሉ አስወጥተው ቤቱን ከነስንቁ ለእሱ ብቻ ቆልፈው እንደ ሰጡት ይቁጠሩት። ክዳኑ መሰርጎዱ የሚመሰክረው አየር መውጣቱን ብቻ ነው፤ በውስጥ ያለው ሁሉ መሞቱን አይመሰክርም። ከሰባቱ አንዱ አብጦ ሌላው ማንጠባጠቡ፣ በአምስቱ ላይ ግን ምንም አለመታየቱም አምስቱን ከጥርጣሬ አያወጣቸውም፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ድስት፣ በአንድ ዓይነት አሠራር የተሠሩ ናቸውና።

ይህ ባክቴሪያ የታወቀበት ታሪክም የድግስ ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1895 ኤሌዜል በምትባል የቤልጅየም መንደር በቀብር ላይ የተጫወቱ ሙዚቀኞች ከቀረበላቸው በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ የኖረ የአሳማ ሥጋ በሉ፤ ብዙዎቹ ታመሙ፣ ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርሜንገም የተባሉ ሊቅ ከሥጋውና ከአንድ ሟች አካል ባክቴሪያውን ለይተው አወጡት። ከዚያው እንስሳ የተወሰደ፣ ነገር ግን አየር ሲያገኝ የቆየ ሥጋ የበላ ሰው አልታመመም፤ የታመሙት በጨው ውኃ ሥር ጠልቆ ከቆየው የበሉት ናቸው።

ይህን ያነሣሁት ስለ አማትዎ ቅቤ ነው። ንጥር ቅቤ በላዩ ላይ ማፍሰስ አየር እንዳይገባ ያደርጋል ያሉት ትክክል ነው፤ አየር ለሚሻው ሻጋታ ይህ መከላከያ ይሆናል። አየር ለሚጠላው ለዚህ ባክቴሪያ ግን ቅቤው እንደ ሁለተኛ ክዳን ነው። እሳቸው ያደጉበት ዘመን ሥጋ እንዲህ ባለ ዝግ ጠርሙስ ውስጥ አይገባም ነበርና በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ሆኖም ይኸው ነገር በብዙ ቤቶች ሌላ መልክ ይዞ ስለማየው ልጨምር፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቶ፣ ዘይት አልብሶ፣ በጠርሙስ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ እየተለመደ መጥቷል። ይህም ያው ነው፤ ከአፈር የወጣ ሥር፣ ኮምጣጣነት የሌለው፣ በዘይት ከአየር የተለየ። በፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አይቆይ፤ ለረጅም ጊዜ ከተፈለገም በትንንሹ ተከፋፍሎ በፍሪዘር ይቀመጥ።

«3 ሰዓት የፈላ ነገር እንዴት አይሞትም?» ይሉኝ ይሆናል። መልሱ ያለው በሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን በሙቀቱ ከፍታ ነው፤ የጅማም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቢበረታ ቶሎ ይተንናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ 300 ሜትር ገደማ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ መፍያው አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የእርስዎ ድስት የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጅሬን ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ በደጋው ቀስ ብሎ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የምግብ ማሸግ ባለሙያዎች ይህን ስፖር ለመግደል መለኪያ የሚያደርጉት 121 ዲግሪ ሙቀት በምግቡ መካከል 3 ደቂቃ ያህል መቆየቱን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ111 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በ101 ዲግሪ 5 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በእኛ በ94 ዲግሪ ሲሰላ ደግሞ ከ20 ሰዓት በላይ ይደርሳል፤ ያውም ሙቀቱ ወደ ሥጋው መካከል ከዘለቀ በኋላ የሚቆጠር ነው። «እንግዲያው 24 ሰዓት ልቀቅለው» እንዳይሉኝ፤ ይህን ያሰላሁት የ3 ሰዓቱ ቅቅል ከሚፈለገው ምን ያህል እንደራቀ ለማሳየት እንጂ ተፈትሾ የተፈቀደ አሠራር ስለሆነ አይደለም፤ ከዚህ ሁሉ ነዳጅና ድካም በኋላ የሚያገኙትም የላመ ጭቃ ነው። ጨውና በርበሬ ማብዛትም ይህን ሙቀት አይተካም፤ በወጥ ልክ የሚገባ ጨው ለጣዕም ብቻ ነው። ባጭሩ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ባቄላና አደንጓሬ፣ እንዲሁም ኮምጣጣ ያልሆነ አትክልት ሁሉ በፈላ ውኃ ብቻ አይታሸጉም፤ በጅማ ቀርቶ በጅቡቲ ወደብም አይታሸጉም።

ከ100 ዲግሪ በላይ መድረስ የሚቻለው እንፋሎቱን አምቆ ግፊት በመፍጠር ነው። «ፕሬሸር ኩከር አለኝ» ማለትዎም ከዚህ አንጻር ትክክለኛ ሐሳብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለሽሮ ክክና ለባቄላ መቀቀያ የተሠራችው ትንሿ ድስት ለዚህ ሥራ አትሆንም። አንደኛ፣ ቶሎ ትሞቃለች፣ ቶሎም ትበርዳለች፤ ለማሸግ የተፈተሹት ሰዓቶች ግን ትልቁ ድስት ቀስ ብሎ ሲሞቅና ቀስ ብሎ ሲበርድ ጠርሙሱ የሚያገኘውን ሙቀት ጭምር ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ሁለተኛ፣ በውስጧ ያለውን ግፊት የሚያሳይ መለኪያ ብዙውን ጊዜ የላትም። ሦስተኛው እንደገና ከፍታችን ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ 117 ዲግሪ የምትደርስ ኩከር፣ ከላይ የምትቀመጠው ክብደቷ ሳትለወጥ፣ ጅማ ላይ 114 ገደማ ላይ ትቆማለች። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ከላይ በነገርኩዎ ስሌት ግን የሚያስፈልገውን ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቢያንስ 4 ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶች አቁሞ የሚይዝ፣ ከሥሩ ወንፊት መሰል ማስቀመጫ ያለው፣ ግፊቱን በመርፌ መለኪያ ወይም ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 15 ፓውንድ (ፓውንድ እዚህ የግፊት መለኪያ ነው) በሆነ ክብደት የሚቆጣጠር ትልቅ የማሸጊያ የግፊት ድስት ነው። እህትዎ ጠርሙሱን ለመላክ ካሰቡ ድስቱንም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በሻንጣ ለመያዝ ከባድ ቢሆንም ያለ እሱ ጠርሙሶቹ ለሥጋ ከንቱ ናቸው። ባለ ብዙ ቁልፉ የኤሌክትሪክ ድስት ግን፣ «ማሸጊያ» የሚል ቁልፍ ቢኖረውም፣ ለዚህ አይመከርም። በክብደት የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ ባለ መርፌው በየዓመቱ ትክክለኛነቱ መፈተሽ አለበት፣ ያንን የሚያደርግልዎ ሰው መፈለግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ድስቱ ከተገኘ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥጋው ከታረደ በኋላ በሚገባ የቀዘቀዘ፣ ከአጥንቱ የተለየ፣ ስቡም የተገፈፈ ይሁን፤ ስብ ሲቀልጥ የጠርሙሱን አፍ ቀብቶ ክዳኑ እንዳይገጥም ያደርጋል። በቁራጭ ቆርጠው በጥሬው ከሞሉት ውኃ አይጨምሩ፣ የራሱን ጭማቂ ያወጣል፤ ነካ አድርገው ጠብሰው ከሞሉት ደግሞ የፈላ ውኃ ወይም መረቅ ያፍስሱበት። በሁለቱም መንገድ ከላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ አዲስ ጠፍጣፋ ክዳን ገጥመው፣ በላዩ የሚጠመዘዘውን ቀለበት በጣት ጫፍ ኃይል ብቻ ያጥብቁት። በድስቱ ሥር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሙቅ ውኃ ጨምረው ከከደኑ በኋላ ክብደቱን ሳይጭኑ እንፋሎቱ በኃይል 10 ደቂቃ ሙሉ ይውጣ። ይህችን 10 ደቂቃ የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው፤ በውስጥ የቀረ አየር ግን መለኪያው ትክክለኛውን ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ዝቅ እንዲል ስለሚያደርግ ዋናው ማታለያ እሱ ነው። ከዚያ ክብደቱን ይጫኑ። በእኛ ከፍታ በክብደት የሚሠራው ባለ 15 ፓውንዱን ይጠቀማል፤ በባለ መርፌው ከ1,220 እስከ 1,830 ሜትር ባለው ከፍታ 13፣ ከዚያ በላይ 14 ፓውንድ ነው። ጅማ ከወሰኑ አጠገብ ስለሆነች ሰፈር ሳይለዩ በ14 ይሥሩ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግፊቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ሲሆን ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 75 ደቂቃ፣ ለአንድ ሊትር 90 ደቂቃ ነው።

በእነዚህ 90 ደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ለአፍታ እንኳ ከተባለው በታች ከወረደ፣ ግፊቱን መልሰው ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራሉ፤ 10 ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ቢሆንም። መብራት ሄዶ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ከተማ ውስጥ ስለምንኖር ይህ ሥራ በኤሌክትሪክ ምድጃ ባይሞከር እመክራለሁ፤ የከሰል እሳትም ከፍና ዝቅ ስለሚል አስቸጋሪ ነው። ሲሊንደሩ መሙላቱን ያረጋገጡት ቡታጋዝ ይሻላል። ሰዓቱ ሲያልቅ እሳቱን አጥፍተው ድስቱን ይተዉት፤ ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስሱበት፣ ክብደቱንም በጉጉት አያንሱት፤ ግፊቱ በራሱ ዜሮ ከገባ በኋላ ክብደቱን አንሥተው ሌላ 10 ደቂቃ ይጠብቁና ይክፈቱ። ጠርሙሶቹ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳይነኩ ይቀዝቅዙ። ክዳኑ በጣት ሲጫን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያንን ጠርሙስ ወዲያው ፍሪጅ አስገብተው በቅርብ ይጠቀሙበት። የተዘጉትን ቀን ጽፈው በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ይጨርሷቸው። ሊበሉት ሲከፍቱም ሳይቀምሱ መጀመሪያ ያፍሉት፤ በባሕር ጠለል 10 ደቂቃ የሚባለው በእኛ ከፍታ 16 ደቂቃ ያህል ይሆናል። መርዙ ከስፖሩ በተለየ በፈላ ውኃ ስለሚበላሽ ይህ ሁለተኛ አጥር ነው፤ በትክክል ላልታሸገ ወይም ላበጠ ጠርሙስ ግን ማዳኛ አይሆንም።

አብረው የሚመጡትን ጥያቄዎች ስለምገምት አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀይ ወጥ ወይም ዶሮ ወጥ ሠርቶ በጠርሙስ ማሸግ፣ ትክክለኛው ድስት ቢኖርም፣ አይሞከርም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሰዓቶች ለሥጋ ከነጭማቂው የተፈተሹ ናቸው፤ የቁሌቱ ውፍረትና ቅቤው ሙቀቱ ወደ መካከሉ እንዳይዘልቅ ስለሚያዘገዩ ስንት ሰዓት እንደሚበቃው የሚያሳይ ፍተሻ የለውም። ሥጋውን ብቻ ያሽጉ፤ ቁሌቱን በሚበሉበት ቀን አቁላልተው ሥጋውን ይጨምሩበት። ሥጋው አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ እንግዳ ድንገት ቢመጣም ወጡ ይደርሳል።

ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ ይቻላል፤ ለዚያም የፈላ ውኃ ይበቃል። ነገር ግን ኮምጣጣነቱ ከድንበሩ ላይ ያለና ከዝርያ ዝርያ የሚለያይ ስለሆነ በየግማሽ ሊትሩ 1፣ በየሊትሩ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። የሎሚው ጭማቂ በፋብሪካ የታሸገው ይሁን፤ ከገበያ የገዙት ሎሚ አንዱ እንደ አንዱ አይኮመጥጥም። ሲትሪክ አሲድ ካገኙ በየግማሽ ሊትሩ ሩብ፣ በየሊትሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የተላጠና የተፈጨውን ቲማቲም አፍልተው፣ ከላይ 1.25 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትተው ሞልተው፣ ከድስቱ ሥር ጨርቅ ወይም ወንፊት አንጥፈው፣ ውኃው ከክዳኖቹ በላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አድርገው፣ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሊትሩን 50፣ ሊትሩን 60 ደቂቃ ያቆዩት። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ከገባበት ግን ስልስ ይሆናል፤ ስልስ ኮምጣጣነቱ ስለሚወርድ በዚህ መንገድ አይታሸግም። አቮካዶና ሙዝም እንዲሁ፤ ፍሬ ቢሆኑም ኮምጣጣ አይደሉም።

ድስቱ እስኪመጣ ድረስ የሚተርፍዎትን ሥጋ ግን ወደ ቋንጣው እንዲመልሱት እመክራለሁ። ቋንጣ የሚያስጠብቀው በአየር መካከል መድረቁ ነው፤ እርጥበት ከሌለ ስፖሩ አይነቃም። ያለፈው ዓመት የሻገተብዎ አሠራሩ ስህተት ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልባት ከተማ በልግ ከገባ በኋላ በረንዳ ላይ የተሰቀለ ሥጋ ከሚሰጠው እርጥበት የሚቀበለው ይበልጣል። ከተለመደው አቅጥነው፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አድርገው ይዘልዝሉት፤ በጨውና በበርበሬ አሽተው ከማእድ ቤቱ ምድጃ በላይ፣ ጢሱና ሙቀቱ በሚያገኘው ቦታ፣ እርስ በርሱ እንዳይነካካ አራርቀው ይስቀሉት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ካልሆነ አልደረቀም፤ ያልደረቀውን በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ደግሞ ሻጋታን መጥራት ነው። ፍሪዘር ካለዎት በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሥጋው ወራት ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋ በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ፣ ባዶ ቦታውን በውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይሙሉት።

ሥጋ ያልገባባቸው 5 ባዶ ጠርሙሶች ለቲማቲሙ ይሁኑ። ሥጋ የገባባቸው 7ቱ ከነሥጋቸው ይወገዱ፤ ጠርሙሱ አሳዝኖዎት አጥበው ሊያተርፉት አይሞክሩ። እህትዎን ደግሞ ጠፍጣፋዎቹን ክዳኖች እንዲጨምሩልዎ ይጠይቋቸው፤ ቀለበቱ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ጠፍጣፋው ክዳን ግን ላስቲኩ አንዴ ከተጫነ በኋላ ሁለተኛ አይገጥምም።